ፊልም ይዞ ከደለስ እስከ ጎንደር፦ እስካሁን የደረስኩበት

ዘንድሮም ለጥምቀት ከዋሽንግተን ዲሲው ደለስ ኤርፖርት ተነስቼ አገር ቤት የሄድኩት የፊልም ካሜራዬን አንጠልጥዬ ነው። ኤርፖርት ላይ ፊልሙን እንዴት እንደማተርፈው የምትጠይቁኝ ስለበዛችሁ፣ እስካሁን የገባኝን አንድ ላይ ላስቀምጠው።

ዋናውን ላስቀድም። ያልታጠበ ፊልም የሚጫን ሻንጣ ውስጥ በፍጹም አይገባም። ያ ሻንጣ የሚያልፍበት ማሽን ጨረሩ ኃይለኛ ስለሆነ አንዴ ብቻ ቢያልፍም ኔጌቲቩ ላይ ማዕበል የመሰለ ጥቁር መስመር ሊተውበት ይችላል። የታጠበ ኔጌቲቭ፣ የታተመ ፎቶና ሚሞሪ ካርድ ግን ምንም አይሆኑም፤ ለነሱ አትጨነቁ።

ነገሩ የተለወጠው የእጅ ሻንጣ ላይ ነው። ድሮ የምናውቀው ኤክስሬይ ሻንጣውን ከአንድ ወይም ከሁለት አቅጣጫ አንስቶ ይለቀዋል፤ አይኤስኦው (ፊልሙ ብርሃን የመቀበል ፍጥነቱ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ፊልሙ ፈጣን ነው) 400 እና ከዚያ በታች የሆነ ፊልም ጥቂት ጊዜ ቢያልፍበት ብዙም አይታይበትም። አሁን እየተተካ ያለው ሲቲ ስካነር ግን በሻንጣው ዙሪያ እየተሽከረከረ ከየአቅጣጫው ስለሚያነሳ ፊልሙ የሚቀበለው ጨረር በጣም ይበዛል። ኮዳክም ኢልፎርድም ፊልማቸው በሲቲ እንዳያልፍ ይመክራሉ። ማሽኑን በሩቁ ለመለየት ቀላል ምልክት አለ፦ ፈታሾቹ «ላፕቶፕ አታውጡ፣ ፈሳሽም እዚያው ይሁን» ካሉ አብዛኛውን ጊዜ ሲቲ ነው። መልኩም ወፍራምና ክብ ነው፣ ሆስፒታል ያለውን ይመስላል።

በዓይኔ ማየት ስለፈለግኩ ሞከርኩት። ከአንድ ሳጥን የወጡ፣ ጊዜያቸው እኩል የሆነ ኤችፒ5 ፕላስ (የኢልፎርድ ጥቁርና ነጭ 400 ፊልም) ገዛሁ። አንዱን ፍሪጅ ውስጥ ተውኩት፣ ሌላውን ሆን ብዬ በሲቲ አሳለፍኩት። ከዚያ ሁለቱንም በአንድ ታንክ፣ በአንድ ዲ-76 (ፊልም ማጠቢያ ኬሚካል)፣ በ20 ዲግሪ አጠብኳቸው። ደርቀው ነጭ መብራት ላይ ጎን ለጎን ስዘረጋቸው መጀመሪያ ያየሁት ምስሉን አይደለም፤ ጠርዙን ነው፣ ቀዳዳዎቹ ያሉበትን። ብርሃን ነክቶት የማያውቅ ቦታ ስለሆነ ከሞላ ጎደል ጥርት ማለት አለበት። ፍሪጅ የነበረው ጥርት ብሏል። በሲቲ ያለፈው ስስ ጭስ የጠጣ ይመስላል። ምስሉ ላይ ጉዳቱ የሚታየው ጥላው ውስጥ ነው፦ የጥቁር ካፖርት እጥፋት፣ የበር ውስጥ ጨለማ፣ ፀጉር፤ እዚያ ያለው ዝርዝር ይሟሟል፣ ቅንጣቱም ይሻክራል። ያንኑ ሙከራ በጣም ፈጣን በሆነው የኢልፎርድ ፊልም በዴልታ 3200 ስደግመው ልዩነቱ ለማንም ግልጽ ነበር፤ ጥቁር መሆን የነበረበት ሁሉ ግራጫ ሆኗል።

ምክንያቱም ፈጣን ፊልም ትንሽ ብርሃን እንዲበቃው ተብሎ የብር ጨው ቅንጣቶቹ ተልቀው ነው የተሠሩት። ለጨረርም እንደዚያው ይከፈታሉ። 400 ፊልምን 1600 እንደሆነ ቆጥራችሁ፣ ማለትም ገፍታችሁ፣ የምታነሱ ከሆነም እንደ ፈጣን ፊልም ቁጠሩት። የኢንስታክስ ፊልም ደግሞ 800 ስለሆነ እሱም እዚሁ ምድብ ነው፤ ለዘመድ ስጦታ ይዛችሁ የምትሄዱ ልብ በሉ።

የኔ ችግር እዚህ ላይ ነው። ጎንደር ጥር 11 ሳይነጋ ነው የምፈልገው ፎቶ ያለው። የፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ሕዝቡ ጧፍ ይዞ፣ ካህናቱ ገና በጨለማው ሲያዜሙ፤ ያንን ያለ ፍላሽ ለማንሳት 3200 ያስፈልጋል። ስለዚህ በጣም የምወደው ፎቶ በጣም የሚጎዳው ፊልም ላይ ነው ያለው።

ጉዳቱ ደግሞ ይደማመራል። ፊልሙ ትናንት ያለፈበትን ጨረር አይረሳም፣ የዛሬው በላዩ ይጨመራል። የአሜሪካ ኤርፖርቶችን ፍተሻ የሚመራው ቲኤስኤ ራሱ ከ5 ጊዜ በላይ በኤክስሬይ የሚያልፍ ፊልም በእጅ ይታይ ብሎ ሲመክር ኖሯል። አሁን መንገዱን ቁጠሩት፦ ደለስ መነሻ፣ ቦሌ ስትገቡ ጉምሩክ፣ ወደ ጎንደር ለመብረር ቦሌ በር ላይ አንዴ፣ ውስጥ አንዴ፣ ከጎንደር መልስ፣ ከዚያ እንደገና ቦሌ በርና ውስጥ። መሐል ላይ ትልልቅ ሆቴል ስትገቡ ቦርሳ የሚያልፍበት ማሽንም አለ፤ እሱን ብዙ ሰው አይቆጥረውም። ወደ ቤት ሳትመለሱ 5 ታልፋለች።

አሜሪካ ውስጥ ይሄ ቀላል ነው። በእጅ ይታይልኝ ብላችሁ ከጠየቃችሁ ደንቡ ከናንተ ጋር ነው። ፊልሙን በጨርቅ ነገር ጠረግ ጠረግ አድርገው ጨርቁን ማሽን ላይ ይፈትሹታል፣ ያበቃል። ሌላ አገር ግን ውሳኔው የፈታሹ ነው፤ ስለዚህ ሥራውን ማቅለል የናንተ ድርሻ ነው። እኔ የማደርገው ይሄ ነው፦ ፊልሙን ሁሉ ከካርቶኑ አውጥቼ፣ በሚያሳይ ፕላስቲክ ከረጢት አድርጌ፣ ከሻንጣው አናት ላይ አስቀምጣለሁ። 3200 የሚለው ጽሑፍ ወደ ውጭ ይታያል። ካሜራው ባዶ ነው፤ ውስጡ ፊልም ካለ ካሜራውን በኤክስሬይ አላሳልፍም ማለት ሌላ ክርክር ይከፍታል። ሰዓት ቀደም ብዬ እደርሳለሁ፣ ሰልፉ ሳይረዝም።

ቦሌ ላይ በጣም የጠቀመኝ አንድ የተበላሸ ሮል መያዝ ነው። ፈታሾቹ ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው፣ ፊልም ነክተው አያውቁም፤ ቢጠራጠሩ አይፈረድባቸውም። «እህቴ፣ ይሄ ገና ያልታጠበ የካሜራ ፊልም ነው፣ በማሽን ካለፈ ይበላሽብኛል፣ እባክሽ በእጅ እዪልኝ» እልና የተበላሸውን ስቤ አሳያታለሁ። ዘንድሮ አንዷ ጫፉን ይዛ ወደ መብራት አንስታ አየችውና አንድ በዕድሜ ጠና ያለ ባልደረባዋን ጠራች። እሱ ገና ከሩቅ ሲያየው «የፎቶ ቤት ፊልም እኮ ነው!» አለ፤ እየቆጠሩ መለሱልኝ። ያልተሳካልኝም ጊዜ አለ። እንቢ ከተባለ አልከራከርም፤ ማሽኑ የድሮው ከሆነ 400ውን አሳልፋለሁ፣ 3200ውን ብቻ ነጥዬ ኃላፊ እንዲያይልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ሙሉ ከረጢት ከመለመን ሁለት ሮል መለመን ይቀላል።

የእርሳስ ብረት ሽፋን ያለው ከረጢት ይሻላል ወይ ላላችሁኝ፣ እኔ አልተማመንበትም። ስክሪኑ ላይ ጥቁር ሆኖ ስለሚታይ ሻንጣውን ያስቆመዋል፤ ወይ ይከፈታል፣ ወይ ፊልሙ ወጥቶ እንደገና ያልፋል። የሲቲንም ጨረር ይከለክልልኛል ብዬ 3200 አልጥልበትም።

አሁን ያለሁበት ደረጃ እዚያው አጥቦ መመለስ ነው። ጥቁርና ነጭ ለዚህ ይመቻል። ታንኩንና ፊልም የሚጫንበትን ጥቁር ከረጢት ይዤ እሄዳለሁ፤ ያልተበጠበጠ ዲ-76 ዱቄት በፋብሪካ ማሸጊያው እንዳለ በሚጫነው ሻንጣ ይገባል። የሚቀጥለው ጥምቀት ላይ ጎንደር አክስቴ ቤት፣ ከበዓሉ ማግስት፣ ዴልታውን በሙሉ አጥባለሁ ብያለሁ። የቀረኝ የውሃውን ነገር ማስተካከል ነው፦ የጠዋት ውሃ ቀዝቃዛ ስለሆነ ቴርሞሜትር ይዞ በሙቅ ውሃ ሳፋ ውስጥ ጠርሙሱን 20 ዲግሪ ማድረስ፣ የመጨረሻ ማለቅለቂያውን ደግሞ ኔጌቲቩ ላይ ነጠብጣብ እንዳይተው በታሸገ ውሃ ማድረግ። 400ዎቹን ለጊዜው እንዳሉ ይዣቸው እመለሳለሁ።