ለሰርግም ለበርጫም የሚሆን ዘፈን

ማሕሙድ አሕመድ በጥር 2017 ዓ.ም. በሚሊኒየም አዳራሽ መድረክን ከተሰናበቱ ወዲህ፣ እኔን የድሬዳዋውን አሮጌ ዘፋኝ ከቀዚራ ሰፈር እስከ ሳቢያን ሰፈር የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ «አንተስ መቼ ነው የምታቆመው?» ማለት ጀምሯል። (ድሬ መቼም ለሽበት ብላ አንቱታ አትሰጥም።) በአሪዞና ክለብ ሲሠሩ ድምፃዊ በጎደለበት ምሽት መድረክ ላይ የወጡት ወጣቱ ማሕሙድ ከ60 ዓመት በላይ እንዴት ዘለቁ ብዬ ሳስብ፣ ሰዎች ወዲያው የሚጠቅሱት ጉሮሯቸውን ነው። እኔ ግን መልሱ በጉሮሮ ብቻ የሚያልቅ አይመስለኝም። ድምፅማ ከዕድሜ ጋር ይወርዳል፤ ኪቦርዲስቱ ቶኑን ዝቅ ያደርግልኛል፣ ድሮ በጩኸት የምወጣውን ቦታ ዛሬ በንግግር መሰል አዘፋፈን አልፈዋለሁ። ቶን ዝቅ በማድረግ የማይድነው አርጅቶ የተገኘ ዘፈን ነው።

በእኛ ከተማ አንድ ዘፈን ሁለት ዳኞች አሉት። የመጀመሪያው በርጫ፣ የከሰዓቱ የጫት ጨዋታ ነው። ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ጎዳናውን ባዶ ሲያደርገው፣ ሰው ጫማውን አውልቆ ትራስ ተደግፎ ይቀመጥና ቴፑ በለሆሳስ ይከፈታል። በዚያ ሰዓት ማንም አይጨፍርም፤ የሚሰማው ቃሉ ነው፤ ቤት ለመምታት ብቻ የገባ ስንኝ ካለ፣ ከጨዋታው መሐል አንዱ ጣቱን አንስቶ «ይቺ እንኳ መሙያ ናት» ይላል። ሁለተኛው ዳኛ የማታው ሰርግ ነው። እዚያ ደግሞ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ሐረሪ የሚናገር እንግዳ በአንድ ድንኳን ስለሚሰበሰብ፣ አዝማቹ አማርኛ ለማይሰማውም አፍ የሚመች ካልሆነ ሕዝቡ አይቀበልም። ስለዚህ አዝማቼን አጭር አደርገዋለሁ፤ መጨረሻውንም በተቻለኝ መጠን አፍን በሚከፍት ድምፅ እጨርሰዋለሁ፤ በ«ት» ወይም በ«ክ» የተዘጋ አዝማች ሕዝብ ሊያስረዝመው ሲሞክር አፉ ላይ ይቆረጥበታል። ሰርጉን አልፎ በርጫው የጣለው ዘፈን አንድ ክረምት ይደምቃል፤ በርጫው አመስግኖት ሰርጉ ያልተቀበለው ደግሞ የጥቂት አዋቂዎች ንብረት ሆኖ ይቀራል። ሁለቱንም ያለፈ ዘፈን ግን ዘፋኙን ይዞት ይሄዳል።

ይህን ከሁሉ አብልጦ ያሳየን የራሳችን ልጅ አሊ ቢራ ነው። እዚሁ ድሬዳዋ ተወልዶ በልጅነቱ ከአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ጋር የጀመረው ይህ ሰው፣ ከኦሮምኛ ሌላ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛና በዓረብኛም ዘፍኗል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሲያርፍ ያዘነው ቋንቋውን የሚሰማው ብቻ አልነበረም። ብዙ ቋንቋ መቻሉን ብቻ አድንቀው የሚያልፉ አሉ፤ እኔን የሚገርመኝ ግን ግጥሙን ለማያውቀው ሰው ብሎ አለማቅለሉ ነው፤ ዜማው እንግዳውን ያስገባል፣ ግጥሙ ቤተኛውን ያቆየዋል።

ስለ ራሴ አጻጻፍ አንድ ምሳሌ ላንሳ። ወጣት ሳለሁ፣ ባቡሩ ገና እየሠራ፣ ወደ ጅቡቲ ስለሄደች ልጅ የወል ቤት በሚባለው የግጥም ምጣኔ፣ በየሐረጉ ስድስት ስድስት ቀለም (ክፍለ ቃል) አድርጌ የጻፍኩት ስንኝ እንዲህ ይላል፦

ባቡሩ ሄደና ሐዲዱ ቀረልኝ፣
መመለሻ መንገድ የተውሽው መሰለኝ።

በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ የልጅቷ መልክ፣ የጣቢያው ሰዓትና የመሐረቧ ቀለም ሳይቀር ነበረበት፤ ዜማው አልሸከም ስላለኝ ሁሉንም አወጣሁት። ከዓመታት በኋላ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የሚመላለሰው አሮጌ ባቡር ቆመ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡር ደርሶላት ከተማ የሆነችው ድሬ ሐዲዱን ብቻ ታቅፋ ቀረች። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ቢመጣም ጣቢያው ከከተማው ወጣ ያለ ነው። አንድ ቀን በበርጫ ላይ አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ ይህንኑ ስንኝ ድገመው አለኝ፤ ደገምኩለት፤ እሱ በዚያች ደቂቃ የሚያስበው ስለ ሴት እንዳልነበር ከፊቱ ያስታውቅ ነበር። መሐረቡን ሳላወጣው ቀርቼ ቢሆን ኖሮ ያ ሰው በዘፈኑ ውስጥ መቀመጫ አያገኝም ነበር። እኔም ብሆን በዚህ ዕድሜዬ ስለ አንዲት የሃያ ዓመት ልጅ መሐረብ ስዘፍን ራሴን አላምነውም፤ ስለ ሐዲዱ ግን እስከ ዛሬ ሳላፍር እዘፍናለሁ።

ግጥምና ዜማ ከሌላ መውሰድ ነውር አይደለም፤ ጥላሁን ገሠሠም ከብዙ ገጣሚያንና የዜማ ደራሲያን ጋር ሠርተው ነው ያን ሁሉ ሀብት የተዉልን። ራሴ የምጽፈው ከእነሱ እበልጣለሁ ብዬ ሳይሆን፣ ስንኙ ከዕድሜዬ ጋር ሲጣላ ማንንም ሳላስፈቅድ ማቃናት ስለምችል ነው። ገንዘቡን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም፤ በካሴት ዘመን ሥራህን ለሙዚቃ ቤት በአንድ ጊዜ ክፍያ ሸጠህ ትወጣለህ፣ የቅጂ መብት አዋጁ በ1996 ዓ.ም. ሲወጣ የብዙዎቻችን ዘፈን አስቀድሞ ተሽጦ ነበር። እንጀራችን ሰርግ ነው።

አብረውኝ የሚጫወቱት ልጆች አሁን አዝማቹን ከመግቢያው እንዳስቀድም ይመክሩኛል፤ በስልክ የሚሰማ ሰው ትዕግሥት የለውም ይላሉ። ምክሩን ለሰርጉ ስል ተቀብያለሁ፤ በባቲ ቅኝት የጀመርኩት አዲስ ዘፈን በአዝማች ይከፈታል። ሦስተኛው አንጓ ላይ ግን አንድ መሙያ ስንኝ አለ፤ ልጆቹ ማንም ልብ አይለውም ብለው ሊያልፉት ፈልገዋል። እኔ አልተስማማሁም፤ እስኪቃና ድረስ ለቅዳሜው ሰርግ በሁለት አንጓ ብቻ እንዘፍነዋለን።