ጋዜጣ በኪራይ

አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይቶ ያነበበ ሰው የምለው ይገባዋል። ቅዳሜ አዲስ አድማስ፣ ረቡዕና እሁድ ሪፖርተር። ገዝቶ የሚሄደው ጥቂት ነበር። ሌላው ለአዟሪው ሳንቲም ሰጥቶ፣ መንገድ ዳር ያገኘው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ አንብቦ ይመልስ ነበር። ገና የተመረቁ ልጆች የፊቱን ገጽ ዘለው በቀጥታ ክፍት የሥራ ቦታ ወዳለበት ይገልጣሉ። እስክሪብቶ የሌለው ከጎኑ ካለው ይዋሳል። መቅደድ ክልክል ነው፤ አዟሪው ሲቀበል ገጹ መሟላቱን ያያል። እኔም ሥራ ስፈልግ የድርጅት ስልክ ቁጥር መዳፌ ላይ ጽፌ ሄጃለሁ።

ጡረተኞቹ ግን ፖለቲካውን ነበር የሚያነቡት። አንዱ ድንገት «ኧረ ይሄ ሰውዬ ምን ነካው?» ይላል። ከጎኑ ያለው ቀና ሳይል «መጀመሪያ ጨርሰው እንጂ» ይለዋል። በቃ፣ ክርክሩ ተጀመረ። የማይተዋወቁ፣ የማይስማሙ ሰዎች አንድ ዓይነት ገጽ አንብበው ይሟገቱ ነበር። በጣም የሚናፍቀኝ ይሄ ነው። ዛሬ ቴሌግራም ስከፍት እኔ የመረጥኳቸው ቻናሎች ይመጡልኛል፤ ጎረቤቴም የራሱ አሉት። ስለ አንድ ቀን ወሬ ስናነሳ በሁለት አገር የምንኖር እንመስላለን።

ጋዜጣን የገደለው ስልክ ነው ሲባል እሰማለሁ። አልስማማም። በ1985 የፕሬስ አዋጁ ሲወጣ የግል ጋዜጣና መጽሔት እንደ አሸን ፈልቶ ነበር። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ብዙዎቹ ተዘጉ፤ ጋዜጠኞች ታሰሩ፣ ተሰደዱ። በ2002 «አዲስ ነገር» ጋዜጣ መታተም አቆመ፤ አዘጋጆቹም አገር ለቀው ወጡ። በ2006 ክረምት ሎሚ፣ ፋክት፣ እንቁ፣ ጃኖና አዲስ ጉዳይ መጽሔቶች ከአፍሮ ታይምስ ጋዜጣ ጋር ተከሰሱ። ይህ ሁሉ የሆነው ስልክ የሁሉም ሰው ጋዜጣ ከመሆኑ በፊት ነው። የወረቀትና የኅትመት ዋጋ ደግሞ አለ፤ የተረፉትንም ያጎበጣቸው እሱ ነው። ስልኩ የደረሰው ቀድሞ የቆሰለ ላይ ነው።

አዲሱን ሚዲያ አልጠላም። ከአገር የወጡ ጋዜጠኞች መናገሪያ ያገኙት በእሱ ነው። ጋዜጣ ደርሶ በማያውቅበት ወረዳ ያለ ወጣት የቀበሌውን ችግር በስልኩ ቀርጾ ሲለቅ ሳይ ደስ ይለኛል። የድሮ ጋዜጣ ለዚህ ልጅ ቦታ አልነበረውም። ግን እሱም በአንድ ትእዛዝ ይዘጋል። በ2012 ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለሳምንታት ጨለማ ውስጥ ነበርን።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ መዝገቡ ነው። አዲስ ዘመን መታተም የጀመረው ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ስለ 1966ቱ አብዮት መጻፍ የፈለገ ሰው የያኔዎቹን እትሞች ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ያገላብጣል። የተዋሸውም እዚያው በቀኑ ተቀምጧል፤ ማንም ገብቶ አያስተካክለውም። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ስንል እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ማለታችን ነበር። በቅርቡ ግን ብዙ ሰው የተቀባበለውን አንድ የፌስቡክ ጽሑፍ ፈልጌ አጣሁት። ጸሐፊው አጥፍቶታል። ስድቡና ውዝግቡ በሌሎች ገጾች ላይ አለ፤ የተሰደበው ጽሑፍ ግን የለም።

ስለ እነዚህ ያለፉ ዓመታት፣ ስለ ጦርነቱ፣ ማን መቼ ምን እንዳለ አንድ ቀን የሚጽፍ ሰው ይመጣል። ያ ሰው የሚያገላብጠው ነገር እንዲኖር እፈልጋለሁ። አንድ ቤተ መጻሕፍት ዋና ዋናዎቹን ቻናሎች በየቀኑ፣ ሳይታረሙና ሳይሰረዙ በፊት፣ ቀድቶ ቢያስቀምጥ ወጪው የሚያስፈራ አይመስለኝም።