ኢንሱሊንና የድሬ ሙቀት

ዛሬ ከፊራ ገበያ ወርጄ ሁለት የሸክላ ማሰሮ ገዛሁ፣ አንዱ ሰፊ አንዱ ጠበብ ያለ። ሻጯ እናት "ለወጥ ነው?" ሲሉኝ "ለኢንሱሊን" አልኳቸው፣ ለስኳር መድኃኒቴ። ሳቁብኝ። ወላሂ ቀልድ አይደለም! መብራት ሲጠፋ የድሬ ፍሪጅ ቁም ሳጥን ነው። ያልተከፈተው ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ስለሚፈልግ ፋርማሲ አስቀምጣለሁ፣ የጀመርኩት ግን ሙቀት ካልበዛበት ከፍሪጅ ውጪም 4 ሳምንት ያህል ይቆያል። ስለዚህ ትንሹን ማሰሮ ትልቁ ውስጥ ከትቼ መሃላቸውን አሸዋ ሞላሁት፣ ውሃ አርከፈከፍኩበት፣ እርጥብ ጨርቅ አለበስኩት። ውሃው እየተነነ ሲሄድ ውስጡን ያቀዘቅዘዋል። (አያቶቻችን ያለ ፍሪጅ ቀዝቃዛ ውሃ ያጠጡን የነበረው በምን ሆነና!)

ስኳር አለብህ ከተባልኩ ወዲህ ከሰው ሸሽቼ ነበር። ሀልዋው ቀረ፣ በርጫው ቀረ፣ ጓደኞቼም አብረው የሚቀሩ መሰለኝ። አልቀሩም። አሁን አመሻሽ ላይ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ስር አብረን ወክ እናደርጋለን፣ ስኳሬ ድንገት ቢወርድ ብዬ ኪሴ ውስጥ ከረሜላ እይዛለሁ፣ እነሱ ግን ሳይወርድም ይበሉብኛል።

ሲንጀር የልብስ ስፌት መኪናዬንም አቧራውን አራግፌ ስፌት ጀምሬያለሁ። በየቀኑ ጣቱን ለሚወጋ ሰው መርፌ ምን ያስፈራል? የጎረቤት ሠርግ ዲራ ቀሚሶች እጄ ላይ ናቸው፣ ከነሱ በኋላ ባዶ ነኝ። ሳቢያን አካባቢ የሚሰፋ ያላችሁ በውስጥ መስመር አናግሩኝ።