አየር አየር ነው

ኢንተርኩለር፣ ማለትም ወደ ሞተር የሚገባውን አየር የሚያበርደውን ዕቃ፣ አስቀይሮ «ሙቀቱ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም» የሚል ደንበኛ ጋራዣችን ሲመጣብኝ አሁን አልከራከርም። የቱን ሴንሰር ነው ያነበብከው ብዬ ብቻ እጠይቃለሁ። ይህን ልማድ ያስያዘኝ አንድ የሐጂ ልጅ ነው። ዛሬም እዚህ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ከተገናኘን ሰላምታው እንደ ነገሩ ነው።

መኪናዋ የአባቱ ናት። ሃይሉክስ ቪጎ፣ 3.0 ናፍጣ፣ ኢንተርኩለሯ ሞተሩ አናት ላይ የተኛ፣ ኮፈኗ ላይ የአየር ማስገቢያ ያላት። ሐጂ ከአጋሮ ወዲያ ቡና ሲያመላልሱባት ነው የኖሩት፤ አልሳበችም ብለው አንድ ቀን መጥተው አያውቁም። ልጁ ግን ዩቲዩብ ሲያይ ከርሞ ከራዲያተሩ ፊት የሚቆም ትልቅ ኢንተርኩለር ከነቧንቧው ከአዲስ አበባ አስመጣ። ሻጩ «30 ዲግሪ ይቀንስልሃል» ብሎታል። የት ላይ ተለክቶ እንደሆነ አልነገረውም፤ ሻጭ መቼ ይነግራል። ግጠሙልኝ አለ፣ ገጠምንለት።

ሳምንት ሳይሞላው ስልኩን ወደ ፊቴ ዘርግቶ ግቢ ገባ።

«ማስተር፣ በፊት 24 ነበር፣ አሁን 39 ይላል። ምንድነው የገጠማችሁልኝ?»

24ቱን ያነበበው መቼ እንደሆነ ጠየቅኩት። ጠዋት፣ ከቤት ሲወጣ። የጅማን ጠዋት የሚያውቅ ያውቀዋል። 39ኙን ደግሞ እኩለ ቀን ላይ፣ መርካቶ በር ላይ ሞተር ሳያጠፋ ሰው ሲጠብቅ። ይሄ ብቻውን ይበቃ ነበር፤ ዋናው ጉዳይ ግን ሌላ ነው።

ቱርቦ አየር ጨምቆ ወደ ሞተር የሚገፋው ክፍል ነው፤ ሲጨምቀው አየሩ ይግላል። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,780 ሜትር ላይ ናት፤ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፣ ስለዚህ ቱርቦው ያንኑ ግፊት ለማምጣት የበለጠ ይለፋል፣ በለፋ ቁጥር ደግሞ አየሩን የበለጠ ያግለዋል። ተጭና ዳገት ስትወጣ ከቱርቦው የሚወጣው አየር ከ100 ዲግሪ ቢያልፍ አይገርምም። ኢንተርኩለሩ የሚያበርደው እሱን ነው። ልጁ በስልኩ የሚያየው ሴንሰር ግን ከፊልትሮው፣ ከአየር ማጣሪያው፣ ቀጥሎ ያለውን ነው፤ ገና ቱርቦው ጋ ያልደረሰውን አየር። አፑ ያንን ብቻ ነው የሚያሳየው። ከኢንተርኩለሩ በኋላ ያለውን ለማየት የመኪናዋን ኮምፒውተር የሚያነበው የእኛ ስካነር ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ በትዕግሥት አስረዳሁት። ካርቶን ላይ ሥዕል ሳልኩለት፤ ፊልትሮ፣ ቱርቦ፣ ኢንተርኩለር፣ ሞተር። ከራዲያተሩ ፊት ፍሪጅ ብትተክልም ይሄኛው ቁጥር አይነቃነቅም አልኩት።

«እና ሙቀት አይደለም የሚለው?»

«ሙቀት ነው። የሌላ ቦታ አየር ሙቀት ነው።»

ካርቶኑን አየት አድርጎ መለሰልኝ። «አየር አየር ነው ማስተር።»

ይቺ «አየር አየር ነው» እስካሁን ታንገበግበኛለች። የጋራዡ ልጆች ጎማ እየፈቱ ነበር፣ ሁሉም ሰምተዋታል፤ ለወራት አንድ ዕቃ ሲጠፋ «ቁልፍ ቁልፍ ነው ማስተር» እያሉ ሲስቁብኝ ከረሙ።

ስካነሩን ሰክቼ ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለትና በአጋሮ መንገድ ወጣን። ዳገቱ ላይ ጣውላ የጫነ አይሱዙ ኋላ ተያዝን። ለእኔ ጥሩ ነው፤ የድሮው ኢንተርኩለር የሚደክመው እንዲህ በዝግታ ሲኬድ ነው፣ በኮፈኑ የሚገባው ንፋስ ያንሳል፣ ከሥሩ ሞተሩ ይጠብሰዋል። ከመቀየራችን በፊት እዚያው ዳገት ላይ 68 ጽፌ ይዤ ነበር። አሁን 43 አለ። አሳየሁት። «ስካነሩ እኮ የናንተ ነው» አለኝ።

ስንመለስ ሐጂ ግቢው ውስጥ ቆመዋል። ልጃቸው በከተማው ጋራዡ በላኝ እያለ እንደሚያወራ ሰምተው ነው የመጡት። ካርቶኔን ላነሳ ስል እጃቸውን አወዛወዙና ኮፈኑን አስከፈቱኝ። እጅጌያቸውን ሰብሰብ አድርገው ከቱርቦው ወደ ኢንተርኩለሩ የሚሄደውን ቧንቧ በጣታቸው ነካ አደረጉት፣ ወዲያው ሸሹ። ከዚያ የሚመለሰውን ያዙት። ሙሉ መዳፋቸውን አሳርፈው ትንሽ ቆዩ።

«ይሄ ያቃጥላል። ይሄ አያቃጥልም። ይሠራል በቃ።»

ልጁ ቃል አልተነፈሰም። እኔ ግማሽ ቀን የለፋሁበት፣ ስካነሩ፣ ሥዕሉ፣ 68ቱና 43ቱ፣ በሁለት ጣት አለቀ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከነከነኝ።

ሐጂ ግን አልጨረሱም። «እሺ፣ ዳገት ላይ ከድሮው ትስባለች?»

እዚህ ላይ መዋሸት ይቻል ነበር። ከ68 ወደ 43 ሲወርድ፣ ግፊቱ ያው ከሆነ፣ በዚያው ቦታ የሚገባው አየር 8 በመቶ ያህል ይጨምራል። ናፍጣ ሞተር ግን አየር ስለበዛለት ብቻ ጉልበት አይጨምርም፤ ኮምፒውተሩ ናፍጣ መጨመር አለበት፣ እሱን ደግሞ ማንም አልነካውም። ጭሱና የማቃጠያው ሙቀት ትንሽ ቀለል ይል ይሆናል። ስለዚህ «ብዙም አይታወቅዎትም ሐጂ» አልኳቸው። «እንዲያውም ራዲያተሩን ስለሸፈነው ከጊቤ ወደ ወልቂጤ ሲወጡ የውሃውን ሙቀት እያዩ ይንዱ።»

«ታዲያ ለምን ተገዛ?»

ጥያቄው ለእኔ ስላልነበረ ዝም አልኩ።

ሒሳቡን ከፈሉ። የድሮውን ኢንተርኩለር በጆንያ ጠቅልለን ከኋላ ጫንንላቸው። ልጁ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ደወለልኝና ኮምፒውተሯ ናፍጣ እንድትጨምር ማስተካከል ትችላላችሁ ወይ አለኝ። አባትህ ይወቁ እንጂ ይቻላል አልኩት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው።