አልጋዬን ሳዞር ህልሜ ለምን ቀነሰ?

ወደዚህ ኮንዶሚኒየም ስገባ ቁም ሳጥኑ አንዱን ግድግዳ ስለያዘው አልጋው የቀረለት ቦታ መስኮቱ ሥር ነበር። መስኮቱ ደግሞ በቀጥታ ከግቢው በር በላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ሌሊቱን ሙሉ ህልም ሳይ የማድር ይመስለኝ ጀመር። ቅዠት በዛ። ዱካክም ይጫነኛል። ዓይኔ ተገልጦ ክፍሉን እያየሁ ጣቴን እንኳ ማንቀሳቀስ ያቅተኛል።

ምክር አልጠፋም። እናቴ "ራስጌህን ወደ ምሥራቅ አድርገው" አለችኝ። አንድ ባልደረባዬ ደግሞ በህንዶቹ ቫስቱ ራስን ወደ ሰሜን አድርጎ መተኛት እንደማይመከር፣ በቻይናዎቹ ፌንግ ሹይ ደግሞ እግርን ወደ በር ዘርግቶ መተኛት እንደሚጠላ ነገረኝ። ሁሉንም በአንዴ ብሞክር የትኛው እንደረዳኝ ማወቅ አልችልም። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እየቀየርኩ ጠዋት ጠዋት በደብተር መያዝ ጀመርኩ። የምጽፈው ከአልጋ ሳልወርድ፣ ስልክ ሳልነካ ነው። ህልም እኮ ፊት እስኪታጠቡ እንኳ አይቆይም።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ደብተሩ ነው። ህልሞቼን ደርድሬ ሳነባቸው በብዙዎቹ ውስጥ ብረት ይጮሃል። አንዴ የትምህርት ቤት ደወል ነው፣ አንዴ የሚዘጋ የሱቅ በር፣ አንዴ ደግሞ ቤታችንን በጥድፊያ የሚያንኳኳ ሰው። አንድ ሌሊት ነቅቼ ሳዳምጥ ነገሩ ገባኝ። ጥበቃው አምሽቶ ለሚገባ መኪና በሩን ሲከፍት መቀርቀሪያው ነው እንደዚያ የሚጮኸው።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1958 ዊልያም ዴመንት እና ኤድዋርድ ዎልፐርት የተባሉ ተመራማሪዎች ህልም በሚያዩ ሰዎች ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ረጭተው ቀሰቀሷቸው። 42 በመቶ በሚሆኑት ህልሞች ውስጥ ውኃው በሆነ መልክ ገብቶ ተገኘ። ድምፅም ገብቷል፤ ከውኃው ግን በጣም ባነሰ መጠን።

ዋናው ነገር ግን መንቃቱ ነው። ደማቅ ህልም በብዛት የምናይበት የእንቅልፍ ክፍል በየ90 ደቂቃው ገደማ ይመላለሳል፤ ወደ ንጋት ሲጠጋም ይረዝማል። ሁላችንም በዚያ እናልፋለን። ህልሙን የምናስታውሰው ግን መሐል ላይ ስንነቃ ነው። ለካ እኔ ላይ የበዛው ህልም ሳይሆን መንቃት ነበር!

መጀመሪያ እናቴ እንዳለችው ትራሱን ወደ ምሥራቅ አዞርኩት። አልጋው ያው መስኮቱ ሥር ስለነበር ደብተሩ ላይ የተለወጠ ነገር አልታየም። ከዚያ ወንድሜን ጠርቼ ቁም ሳጥኑን ፈታተን አዛወርነው፤ አልጋውም ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ሄደ። የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች አልተመቹኝም፣ ግን ታገስኩ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የብራውን ዩኒቨርሲቲ ጥናት እንዳሳየው፣ ሰው አዲስ ቦታ በሚያድርበት የመጀመሪያ ሌሊት ግማሹ አንጎሉ እንደ ዘበኛ ቀለል ብሎ ነው የሚተኛው። ክፍሉ የራሴ ቢሆንም፣ አልጋ ባዞሩ ማግስት መፍረድ ተገቢ አልመሰለኝም። ስለምደው ብረቱ ከህልሞቼ ጠፋ። አብዛኛውን ጠዋት ደብተሩ ላይ የምጽፈው አጣሁ።

መጋረጃውን በወፍራም ቀየርኩት፤ የመንገድ መብራት እንቅልፍ የሚያመጣውን ሜላቶኒን የተባለ ሆርሞን ሊያዳክም ይችላል። ከሁለቱ ብርድ ልብስም አንዱን አነሳሁ። እንቅልፍ እንዲወስደን ሰውነት ትንሽ መቀዝቀዝ አለበት። የአዲስ አበባ ሌሊት ለዚህ የተመቸ ነው፤ እኛ ግን መስኮት ዘግተን፣ ተሸፋፍነን በላብ እንጠመቃለን።

ዱካኩ ለብቻው መፍትሔ ፈለገ። ህልም ስናይ ህልሙን በተግባር እንዳናደርገው ጡንቻችን ይያዛል። አንጎል ቀድሞ ሲነቃና ሰውነት ሳይለቀቅ ሲቀር፣ ያ ነው ዱካክ። በተለይ በጀርባ ለሚተኛ ሰው ይበዛል፤ እንቅልፉ ለሚቆራረጥም እንዲሁ። ከጀርባዬ ትራስ ደግፌ በጎኔ መተኛት ከለመድኩ ወዲህ ብዙም አይመጣም። ዱካክ የሚመላለስበትና ቀን ቀን እንቅልፍ የሚጥለው ሰው ካለ ግን ሐኪም ማየት አለበት።

የምሥራቁን ነገር ለጸሎቴ ይዤዋለሁ፤ እናቴም በዚያ ደስ ብሏታል።

አንድ ክፍል ተከራይቶ አልጋ የሚያዞርበት ቦታ የሌለውስ? ታናሽ እህቴ እንደዚያ ናት። የእሷ መስኮት ራስጌዋ ላይ ስለነበር ትራሱን ወደ ግርጌ ወሰድነው። ጭንቅላቷ ከመስኮቱ የአልጋውን ርዝመት ያህል ራቀ። ወጪ የለውም፣ ዛሬ ማታ ሊሞከር ይችላል።