ቀጭኑ ስልኬና የዛሬው ውሎዬ

ዛሬ ከአራት ኪሎ ተነሥቼ በፒያሳ በኩል የቸርችልን ጎዳና ቁልቁል እስከ ለገሃር በእግሬ ስወርድ፣ ከገዛሁት ሦስት ወር የሞላውን ቀጭን ስልኬን ቻርጀር ሳልይዝ ቀኑን ሙሉ ፈተንሁት። ውፍረቱ ከ6 ሚሊ ሜትር በታች በመሆኑ በሸሚዝ ኪሴ ውስጥ መኖሩ እንኳ አይታወቀኝም፤ በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣውና በቀጭንነቱ ስሙ የገነነው ሞቶሮላ ሬዘር ሲታጠፍ 13.9 ሚሊ ሜትር እንደ ነበር ሳስታውስ፣ የመሐንዲሶቹ ጥበብ ከልብ ያስደንቀኛል።

በብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ያለውን የአንበሳ ሐውልት ከመንገዱ ማዶ ሆኜ ሳነሣው፣ የድንጋዩ ጥርብ መስመሮች ጥርት ብለው ወጡልኝ። የቡናዬንም ሒሳብ በቴሌብር ከፈልሁ።

ቅር ያሰኘኝ ባትሪው ነው። ገና ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ 18 በመቶ ብቻ ቀርቶት ነበር። የሊቲየም አዮን ባትሪ የሚይዘው ኃይል በአብዛኛው በመጠኑ ስለሚወሰን፣ የስልኩ አካል በሳሳ ቁጥር ለባትሪው የሚተርፈው ቦታ ይጠባል፤ ካሜራው በበኩሉ በሌንሱና በብርሃን መቀበያው መካከል ርቀት ስለሚያስፈልገው ከጀርባው ጎላ ብሎ ይወጣል፣ በዚህም ምክንያት ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ይንገዳገዳል። (ሽፋን ሲደረግለት ይህ ይቀራል፤ ነገር ግን ቅጥነቱም አብሮ ይቀራል።) እኔ ብጠየቅ፣ 1 ሚሊ ሜትር ተጨምሮ ባትሪው ቢተልቅ እመርጥ ነበር፤ በተለይ እንደ እኔ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው።

ያም ሆኖ አልለውጠውም፤ ከነገ ጀምሮ ፓወር ባንክ በቦርሳዬ ይዤ እወጣለሁ።