ሞተር ሳይክሌ ሳትበላሽ የተዋጣልኝ ገንዘብ

ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ውስጥ አሮጌ ሞተር ሳይክል የሚነዳ ሐበሻ ብዙ ስለማይታይ፣ የእኔ ወሬ ከእኔ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል። ሞተሬ እ.ኤ.አ. በ1974 የተሠራች ሆንዳ ሲቢ 550 ስትሆን አራት ሲሊንደርና አራት ካርቡራተር፣ ማለትም አየርና ቤንዚን ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚያቀብል ዕቃ፣ አላት። ቀድሞ አራቱም ካርቡራተሮች አየር የሚስቡት ከኮርቻው ሥር ካለ አንድ የጋራ ሳጥን ነበር። ሳጥኑ በእርጅና ስለተሰነጣጠቀ አንሥቼ ለእያንዳንዱ ካርቡራተር የየራሱን ትንሽ የአየር ማጣሪያ ገጠምኩለት። ለዓይን በጣም ያምራል፤ ጣጣው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ሳጥኑ አየሩን እያፈነ ሲያሳልፍ በካርቡራተሩ ጉሮሮ የሚፈጠረው የመሳብ ኃይል ቤንዚኑን በሚገባ ያወጣዋል። አየሩ ያለ ከልካይ ሲገባ ግን መሳቡ ይደክማል፣ የቤንዚኑም ድርሻ ያንሳል፤ ስለዚህ ሞተሯ ጋዝ ሲሰጧት ታንገራግራለች፣ ጋዝ ሲለቁባት ደግሞ በማርሚታዋ ትተኩሳለች። መድኃኒቱ ቤንዚን የሚያልፍባትን ትንሽ የናስ ቁራጭ፣ ጂግለሯን፣ ቀዳዳዋ ሰፋ ባለች መለወጥ ነው። ካሊፎርኒያ፣ ሎንግ ቢች የሚኖረው የአክስቴ ልጅ በተመሳሳይ ሞተር ላይ 120 ቁጥር ጂግለር (ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቀዳዳዋ ይሰፋል) አስገብቶ እንደተሳካለት ምሎ ተገዝቶ ነገረኝ፤ እኔም የነበረውን 100 ቁጥር አውጥቼ የእሱን አስገባሁ። ዘመዴ ሳይነግረኝ የቀረው እሱ የሚኖረው ባሕር ዳር፣ እኔ ደግሞ ከባሕር ወለል ወደ 1,600 ሜትር ከፍ ብዬ መሆኑን ነው። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ያ ሁሉ ቤንዚን የሚነድበት አየር አጣ፤ ሞተሬም ሰፈሩን በጥቁር ጭስ አጠነችው።

ትክክለኛው ቁጥር የሚገኘው ደረጃ በደረጃ እየቀነሱ በመሞከር ነው። አሞካከሩ ግን ለተመልካች የሚመች አይደለም፦ ጭር ባለ መንገድ በሁለተኛ ማርሽ ጋዙን እስከ መጨረሻው ከፍተው ጥቂት ይነዳሉ፤ በዚያው ሁኔታ ፍሪሲዮን ጨብጠው ሞተሩን ድንገት ያጠፋሉ፤ ተንከባልላ ስትቆም ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፈትተው ቀለሙን ያያሉ። በሚኒሞ፣ ማለትም ጋዝ ሳይሰጧት፣ እየሠራች ከቆየች ቀለሙ ስለሚለወጥ ቀስ ብሎ ማቆም ዋጋ የለውም። ካንዴላው ከነጣ ቤንዚን አንሷል፣ ጥላሸት ከለበሰ በዝቷል፤ የሚፈለገው ማኪያቶ የመሰለ ቡናማ ነው። እንግዲህ ይህን በትጋት የሚያከናውን ሰው፣ ከሩቅ ለሚያየው፣ ሞተሩ መንገድ ላይ ጥላው ጣቱን በጋለ ካንዴላ እየጠበሰ የሚሰቃይ ምስኪን ነው።

ከከተማው በስተ ምሥራቅ ባለው ሜዳ ላይ እንዲሁ ተንበርክኬ ሳለሁ ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር በመኪና ሲያልፉ አይተውኝ አስቆሙ።

«ምነው ልጄ፣ ቆመችብህ?»

«አይ እማማ፣ እኔው ነኝ ያቆምኳት።»

«ለምን ብለህ?»

«ማኪያቶ መምሰሏን ለማየት ነው።»

እማማ እኔን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያም ምንም ሳይናገሩ አንድ ጠርሙስ ውኃ ሰጥተውኝ ሄዱ። ፀሐይ መትቶኛል ብለው እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው። በሌላ ቀን ደግሞ ሌላ ሰው አየኝ፤ በዚያን ጊዜ 115 ላይ ደርሼ ጥላሸቱ እየሳሳ ስለነበር ለብቻዬ ቆሜ እስቅ ነበር፤ ይህም ነገሩን አላሻሻለውም።

በ110 ቁጥር ሞተሬ ሰው በሆነች ሳምንት፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች አዳራሽ ጠርተው ፖስታ አቀበሉኝ። መኪና መግዣ የሚጀመርበት መዋጮ ነበር። አልቀበልም ማለት ነውር፣ መቀበል ደግሞ ማጭበርበር ስለሆነብኝ፣ በሶፍት ጠቅልዬ ኪሴ የያዝኳቸውን አራቱን ካንዴላዎች አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ ማስረዳት ጀመርኩ። ብዙዎቹ በኀዘኔታ አንገታቸውን ደፉ። በወጣትነታቸው ፊያት የጭነት መኪና ይነዱ የነበሩ አንድ አባት ግን መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ እያገላበጡ ተመለከቷቸው።

«ሦስቱ ደኅና ናቸው» አሉ። «ይኸኛው ነጥቷል። በካርቡራተሩና በሞተሩ መካከል ያለው ጎማ አየር እያስገባ ነው፤ ማሰሪያውን አጥብቀው።»

ወጥተን ብናይ በእርግጥም ላልቶ ነበር፤ በካቻቢቴ ሲጠብቅ ሚኒሞው ወዲያው ተስተካከለ። አባትም ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞረው «ልጁ ጤነኛ ነው፣ ገንዘቡ ለየባለቤቱ ይመለስ» ብለው ፈረዱ። እማማ ብቻ «ምናለ አራተኛዋን እንኳ ብናሳክማት» እያሉ ሲከራከሩ ገንዘብ ያዡ ስም ዝርዝሩን ማንበብ ጀመረ። ከሁሉ የበለጠ ያዋጣው፣ ስልክ ተደውሎለት ልቡ የተነካው፣ የሎንግ ቢቹ የአክስቴ ልጅ ነበር። የሌሎቹ በሙሉ ተመለሰ፤ የእሱን ግን እንዳይመልሱለት ለምኜ የጂግለሮቹን ዋጋ ሸፈንኩበት።